የምትሞት አለች?

እና ሁለት ኮከብ ሰጠችኝ፣ ከአምስት፣ ትስጣ፣ ፊልሙ ጥሩ ነው፣ አውቀዋለሁ፣ ሬኒ ኮዛክ ነኝ፣ የሠራሁትን አውቃለሁ፣ ሌላ ሃያሲ ቢሆን ስቄ ባለፍኩ፣ ሎርና ፔች ሆነችብኝ እንጂ፣ የኛው ሰው፣ እሷም ሌዝቢያን፣ ሠላሳ ዓመት ስለ ፊልሞቻችን ስትጽፍ የኖረች፣ ቀላል ነው፣ ሕመም የለውም አለች። ሕመም። ባለፈው ፊልሜ ከሁለቱ ፍቅረኛሞች አንዷን በካንሰር ስገድላት ድንቅ ብላ አልነበር፣ አሁን ሁለት ሴቶች በዕቃ ማጠቢያ ማሽን ሰበብ ተጣልተው፣ ታርቀው ሲጋቡ ቀለለባት። ወይ ጉድ።

ጎርደን ደግሞ፣ አከፋፋዩ፣ ሂሱን አንብቦ ሐሞቱ ፈሰሰ፣ ጠዋት ደወለ፣ መጨረሻውን እንቀይረው ሬኒ፣ አንዷ ትታመምና ትሙት፣ ካልሆነ ቶሮንቶ አይታይም፣ እስከ አስር ሰዓት አሳውቂኝ። ላስብበት አልኩት። እኔ። ላስብበት። አፌን ምን ነካው?

እና ይኸው ዊኒፔግ ከተማ፣ ፊልሜ የሚታይበት ሲኒማ ቤት፣ የቀኑ ትዕይንት፣ ኮፍያዬን እስከ ቅንድቤ ስቤ ሰልፍ ላይ ቆሜያለሁ፣ ከፊቴ ሰባ የሚሆናቸው ሁለት ሴቶች፣ ረጅሟ ወደ ትኬት ሻጯ ጎንበስ ብላ፣ የኔ ልጅ፣ የምትሞት አለች? ልጅቷ ግራ ገባት፣ አጭሯ ትስቃለች፣ አትፍረጂባት፣ አርባ ዓመት አብረን ስንኖር ይህን ሳትጠይቅ ትኬት ገዝታ አታውቅም። እኔም ያደግኩት ይህንኑ እየጠየቅኩ ነው፣ ሁላችንም፣ በፊልም ከኛ አንዷ ሳትሞት አያልቅማ፣ የለችም ማለት አማረኝ፣ ግን ለጎርደን ላስብበት ብያለሁ፣ አፈርኩ፣ ትኬቴን ቆርጬ ተከትያቸው ገባሁ።

ከኋላቸው ተቀምጫለሁ። ረጅሟ ኮቷን አላወለቀችም፣ ቦርሳዋ ጭኗ ላይ፣ ለመውጣት እንደተዘጋጀች ነው፣ ግን ማሽኑ አረፋ ሲተፋ ሁለቱም ይንፈቀፈቃሉ፣ አዎ፣ ሳቁ እናቶቼ፣ እዚች ጋ እንደሚሳቅ አውቄ ነው የሠራሁት። ከዚያ ሙሽራዋ ኬኩን ልታመጣ መንገድ ልትሻገር ትወጣለች፣ ረጅሟ ብድግ፣ እንሂድ፣ አሁን መኪና ይገጫታል፣ አጭሯ እጅጌዋን ይዛ፣ ቁጭ በይ አንቺ ሴትዮ።

ተሻገረች። ኬኩ ደረሰ። ጨፈሩ። መብራት በራ።

ሰው እየወጣ ነው፣ እነሱ አልተነሱም፣ ረጅሟ ባዶውን ስክሪን እያየች ታለቅሳለች፣ ሁለቱም አሉ እኮ፣ ትላለች፣ ሁለቱም አሉ። ስልኬን አውጥቼ እዚያው ደወልኩ፣ መጨረሻው አይነካም ጎርደን፣ ቶሮንቶም ይቅር፣ ማንም አይሞትም፣ ድምፄ ከፍ ሳይል አልቀረም፣ ሁለቱ ሴቶች ዞረው ያዩኛል።