ያልያዘው ፍሬን

ተስፋሁን ያቺን መኪና ሲገዛት ቀፎዋ ብቻ ነበር የቀራት። ሞተር የላት፣ ወንበር የላት፤ የሠላሳ ሁለት ሞዴል ፎርድ የዛገ ገላ። ከፌርፋክስ ጎዳና ጀርባ ባለው ቤቱ ጋራዥ ውስጥ አስገብቶ፣ ከታክሲው በተረፈው ሰዓት ሁሉ ሲቀጠቅጥ፣ ሲበይድና ሲቀባ ዓመታት አለፉ። አሜሪካኖቹ እንዲህ ያለችውን ሆት ሮድ ይሏታል። ሚስቱ ትርሲት ግን «ጣውንቴ» ነበር የምትላት።

ፍሬኑ ላይ ሲደርስ ስዩምን ጠራው። ስዩም ሃውቶርን ውስጥ የሚሠራ መካኒክ ነው። ሁለቱ በስደት ካርቱም በአንድ ክፍል የተኙ፣ አሜሪካ ሲገቡ ደግሞ ኮሪያታውን ሠፈር ኑሮን በአንድ ፍራሽ የጀመሩ ጓደኛሞች ናቸው።

«ዲስክ ፍሬን እንግጠምላትና እንገላገል» አለው ስዩም። «ነካ ስታደርጋት የምትቆም ትሆናለች።»

«ኖ፣ ኖ! የድሮ መኪና የድሮ ፍሬን ነው የሚያምርባት። ታምቡር ነው የምፈልገው።»

ስዩም ተከራክሮ ተሸነፈ። ታምቡር ፍሬን ከጎማው ጋር የሚሽከረከር የብረት ከበሮ ነው፤ ፔዳሉ ሲረገጥ ሸራ የለበሱ ሁለት ብረቶች ከውስጥ ተከፍተው ግድግዳውን ይይዙታል። በድሮ መኪና ላይ ደግሞ የሚያግዝ ነገር የለውም። የሚያቆማት የሹፌሩ እግር ነው።

ታምቡሮቹን ፖሞና ከአሮጌ ዕቃ ገበያ አገኟቸው። ስዩም በቶርኖ ማሽን አስላጣቸው፣ አዲስ ሸራ አስለበሰ፣ የዘይት ቱቦውን ሁሉ ቀየረ። ቅዳሜ ጠዋት ገጥመው ሲጨርሱ እሱ መኪናዋ ሥር ተኛ፤ ተስፋሁን ወንበሩ ላይ ሆኖ ከዘይት ቱቦው አየር እንዲወጣ ፔዳሉን ይረግጥለት ጀመር።

«ርገጥ! ያዝ! ልቀቅ!»

ጥቂት እንደሠሩ ተስፋሁን፣ «ቆይ፣ አንዴ ልረፍ» አለ።

«ምን ሠራህና ነው የምታርፈው?» ብሎ ስዩም ከሥር ሳቀበት።

ከሰዓት በኋላ ተስፋሁን ሠፈሩን ሊዞርባት ወጣ። ሲመለስ ግን ፊቱ አመድ መስሏል፤ የፊት መብራቷም ተሰብሯል። ከቤቱ ጀርባ ባለው ጠባብ መንገድ፣ አሌው መታጠፊያ ላይ የቆሻሻ በርሜል ገጭቷል።

«አይዝም! ፍሬንህ አይዝም፣ ስዩም!»

ስዩም አፈረ። ስንት ዘመን የሠራበት እጁ ለገዛ ጓደኛው ሲሆን መስነፉ ቆጨው። ጎማዎቹን ፈታ፣ ሸራውን ከታምቡሩ ጋር እስኪገጥም በብርጭቆ ወረቀት ሞረደ፣ አየሩን እንደገና አወጣ። በሚቀጥለው ቅዳሜም ተስፋሁን ዞሮ መጥቶ ያንኑ አለ። ስዩም የፍሬን ፓምፑን ራሱን ቀየረው። አሁንም «አይዝም» ሆነ መልሱ።

«ውረድ» አለው በመጨረሻ። «እኔ ድራይቭ ላድርጋት።»

አሌው ጫፍ ሲደርስ ፍሬኑን ረገጠ። መኪናዋ ባለችበት ቀጥ አለች፤ ደረቱ መሪው ላይ ዐረፈ። ደግሞ ሞከረ። ያው ነው። መሪውን እንደያዘ እዚያው ተቀመጠ። ሥራው ደህና መሆኑ ደስ አላሰኘውም።

ተመልሶ ተስፋሁንን ወንበሩ ላይ አስቀመጠውና በሩን ከፍቶ አጠገቡ ቁጢጥ አለ።

«ርገጥ እስቲ።»

ቀኝ እግሩ ፔዳሉ ላይ ወጣ። ተንቀጠቀጠ። ፔዳሉ ትንሽ ወርዶ ቆመ። ተስፋሁን ማንም የማያየው መስሎት ጭኑን በእጁ ወደ ታች ይጫን ነበር። ስዩም ሱሪውን ገለጥ አደረገው፤ ባቱ ሟሙቶ የሕፃን ክንድ አክሏል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ምኑ?»

«አትቀልድብኝ።»

ተስፋሁን ወደ ውጭ አየ። «ከፋሲካ ወዲህ ይመስለኛል። ድካም ነው፣ ይለቀኛል። ለትርሲት እንዳትነግራት።»

«ታክሲውስ?»

«የታክሲው ፍሬን ቀላል ነው፤ ስትነካው ይይዛል።»

«ሰው ትገድላለህ፣ ተስፋሁን!»

«ሶ ምን ልሁን? ቤት ልቀመጥ? አንተ መካኒክ ነህ፣ ሐኪም አይደለህም። እቃህን ሰብስብና ሂድ!»

ስዩም ሄደ። ሰኞ ፌርፋክስ ላይ መንገድ ሊሻገር ቆሞ ሳለ የተስፋሁን ታክሲ ከነተሳፋሪው አጠገቡ አለፈ። ከኋላ የተቀመጡት አሮጊት በመስኮቱ ከተማውን እያዩ ፈገግ ብለው ነበር። ስዩም መንገዱን ሳይሻገር ተመለሰና ትርሲት ወደምትሠራበት ሱቅ ገብቶ ሁሉንም ነገራት።

ትርሲት ሆስፒታል ወሰደችው፤ ሐኪሞቹ ምርመራውን ሲጨርሱ የተናገሩት መድኃኒት የሌለው ነገር ነበር። ጡንቻውን የሚያዙት ነርቮች እየሞቱ ነው፤ ከእግር ወደ እጅ፣ ከእጅ ወደ ጉሮሮ ይሄዳል። መንጃ ፈቃዱ ተወሰደ። ተስፋሁን ለስዩም አንዴ ብቻ ደወለ፤ «ከሳሼ አንተ ሆንክ። ደጄን እንዳትረግጥ» ብሎ ዘጋው።

ስዩም ደጁን ሳይረግጥ ክረምቱ አለፈ። በኋላ ትርሲት ደወለች።

«ጋሽ ስዩም፣ መኪናዋን ሰው ገዝቶ ሊወስዳት ነው። መጥተህ አስነሣልኝ።»

መጥቶ አስነሣት፤ ጫኚው መኪና ላይም አወጣት። ተስፋሁን መስኮቱ አጠገብ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ ነበር፤ ስዩም ሰላም ሲለው ፊቱን አዞረ።

ትርሲት በር ድረስ ሸኘችው። ዓይኗ ሥር ጠቁሯል።

«ነገም ና» አለችው። «አያናግርህም፣ አውቃለሁ። ግን ብቻዬን ላነሣው አልቻልኩም። ወገቤ አለቀ።»

በማግሥቱ መጣ፤ ከዚያም በየጠዋቱ ከሥራ በፊት። ብብቱ ሥር ገብቶ ከአልጋው ያነሣዋል፣ ያጥበዋል፣ ልብሱን ያለብሰዋል፣ ወንበሩ ላይ ያስቀምጠዋል። ተስፋሁን አንድም ቀን ቃል አልተነፈሰም፤ ጣራ ጣራ ያያል። ትርሲትን ግን ውኃ ሲለምናት፣ ትንንሽ ልጆቹን ሲጠራ ስዩም ከኮሪደር ይሰማል።

በጥር ምላሱ ተሳሰረ። ትርሲትንም ማናገር ተወ።

ከዚያ ወዲህ ስዩም ጓደኛው የሚዘጋው በቂም ይሁን በበሽታው መለየት አልቻለም። አንድ ጠዋት ሸሚዙን እየቆለፈለት፣ «አሁንም ተቀይመኸኛል?» ብሎ ጠየቀው። የተስፋሁን ዓይን ጣራው ላይ እንደተተከለ ቀረ። ስዩም የቀሩትን ቁልፎች ቆለፈ።