የታፕኪጌን ሚስት

«የእሷ ፀጉር አይላጭም» አለ ኪማዮ፣ የወተት ሻዩን በእጁ እንደያዘ። «ምላጭ ለባለቤት ነው እንጂ ለሠራተኛ አይደለም።»

ጄሮኖ ሻሿን ፈትታ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። የሟቿ የታፕኪጌን ታናሽ እህት፣ አክስት ሊያ፣ ምላጩን ከወረቀቱ አውጥተው ከኋላዋ ቆመዋል። ቀብሩ ትናንት ነበር። ዛሬ የተላጨች ሴት የሟች ሚስት ናት፤ ከቤቱም ከማሳውም የሚያስነሳት የለም። ያልተላጨች ለቅሶው ሲያበቃ ጓዟን ትሸክማለች። የበቆሎው ማሳ ደግሞ ከኪማዮ ማሳ ጋር ይዋሰናል።

«አንተ ልጅ፣ እህቴ የጥሎሽ ላም ነድታ ስታገባት አባትህ ራሱ ድግሱ ላይ ጠጥቷል» አሉ አክስት ሊያ።

«አባቴ የት ያልጠጣበት አለ?»

ጥግ ከተቀመጡት ሴቶች አንዷ ሳቋን በሻሿ አፈነች።

ታፕኪጌን ልጅ ሳይወልዱ ባላቸው፣ የኪማዮ አጎት፣ ሲሞት በአገሩ ወግ ሴት ሆነው ሳሉ፣ ወራሽ እንድትወልድላቸው ጄሮኖን እንደ ወንድ አገቡ። ከዚያ ወዲህ ባርኔጣ አደረጉ፤ ከወንዶች ጋር ተቀምጠው ነገር ዳኙ፤ ድስት አልነኩም፤ ውሃ አልቀዱም። ጄሮኖ ያን ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ በአባቷ ግቢ የማታውቃቸው ላሞች ቆመው ነበር። ደብተሯን ሳታስቀምጥ መዳሯን ነገሯት። ታፕኪጌንን ለረጅም ጊዜ ጠላቻቸው። ምግብ ስታቀርብላቸው ከባርኔጣው ሥር ያለውን ፊት ቀና ብላ አታይም ነበር።

በወጉ ከተመረጠላት ወንድ ናኦሚን ስትወልድ ግን አንድ ነገር ተለወጠ። ወንድ ልጅ ሲጠብቁ የነበሩት ሽማግሌዎች በር ላይ አንገታቸውን ሲደፉ፣ ታፕኪጌን ሕፃኗን ታቅፈው ወጡ። «ሴት ናት ብላችሁ ነው የምታዝኑት? ታዲያ እኔ ምን ሆኜ ነው ከእናንተ ጋር የምጠጣው?» አሏቸው። ጄሮኖ አልጋዋ ላይ ሆና ሳቀች። እዚያ ቤት ከገባች የመጀመሪያ ሳቋ ነበር።

ኪማዮ ኩባያውን አስቀመጠ። «ባል ነበረች ትላላችሁ። አጥሚት ስትሠራ ያዩ አሉ! ድስት የነካ ባል ነው? ወጉን ራሷ አፍርሳዋለች፤ ጋብቻም የለም።»

አክስት ሊያ ምላጩን ዝቅ አደረጉ። «ጄሮኖ፣ እውነት ነው?»

እውነት ነበር። ጄሮኖ በወባ በወደቀች ሰሞን፣ ታፕኪጌን በሩን ከውስጥ ዘግተው፣ ባርኔጣቸውን እንዳደረጉ እሳቱ ላይ አጎንብሰው የዳጉሳ አጥሚት አማሰሉ። አሳረሩት። በማንኪያ እያጠጧት፣ «ለሰው እንዳትናገሪ፤ ይህን ከሰሙ ሁለታችንንም ያባርሩናል» አሏት።

አሁን መካድ ትችላለች። በሩ ተዘግቶ ስለነበር በዓይኑ ያየ የለም፤ ኪማዮ የያዘው ወሬ ብቻ ነው። ከካደች ግን ያ አጥሚት ያልነበረ ይሆናል።

«እውነት ነው» አለች። «ታምሜ ነበር፤ ሠርተው አጠጡኝ። አርሮ ነበር። ጨርሼ ጠጣሁት።» ወደ ኪማዮ ዞረች። «ወደዚህ ቤት ስመጣ በላሞቹ ብዙ ተከራከሩ፤ እኔን ማንም አልጠየቀኝም። ዛሬ ተጠይቄያለሁ። ሚስታቸው ነበርኩ። አልሄድም።»

«ይኸው! በአፏ አመነች!»

«የታመመች ሚስቱን የሚያጠጣ ባል ከየት ተገኝቶ!» አለች ጥግ ያለችው ሴት። «የኔው እኔ ስታመም እናቱ ቤት ሄዶ ነው የሚበላው።» በዚህ ጊዜ ሳቁን ያፈነ አልነበረም።

አክስት ሊያ አልሳቁም። «ማረሩንስ አምናለሁ» አሉ። «እህቴ ልጃገረድም ሆና እጇ ምግብ ያሳርር ነበር። ውሃ አቀብሉኝ።»

«አክስቴ፣ ኋላ እንዳይቆጭዎት!»

«የምትቆጨኝ እህቴ ብቻ ናት። ውጣና ንፋስ ተቀበል።»

ኪማዮ ሻዩን ሳይጨርስ ወጣ።

ናኦሚ ውሃ አምጥታ የእናቷን ራስ አረጠበች። ምላጩ ግንባሯ ጫፍ ላይ ሲደርስ የአሮጊቷ እጅ ቆመ፤ እንባቸው ጄሮኖ አንገት ላይ ጠብ አለ። ጄሮኖ አላለቀሰችም። እጇን ወደ ላይ ዘርግታ የአክስት ሊያን የእጅ አንጓ ያዘችና፣ ቀስ ብላ፣ ምላጩን አብራ ገፋች።