ዙሀይራ ይቅር ያላለችው

ዙሀይራ ቢሯችን የመጣችው በሐሙስ ገበያ ቀን ነው፤ ሮቤ በጋሪና በስንዴ ጆንያ ተጨናንቃ ነበር። ነፃ የሕግ ድጋፍ በምንሰጥበት ክፍል ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ዓመት አልሞላኝም።

«ጠበቃዋ የለችም?» አለችኝ።

«እኔ ነኝ።»

ከላይ እስከ ታች አየችኝና ተቀመጠች። «እሺ። ጉዳዩ እስኪያልቅ ታድጊያለሽ።»

ዙሀይራ በአንድ የዘር ማበጠሪያ መጋዘን ውስጥ የጆንያ አፍ ትሰፋ ነበር። የፈረቃ ኃላፊዋ ለሚ በክምሩ መሀል እየጠበቀ ይነካካት ጀመር። እምቢ ስትለው እንዳያስገባት ለበረኛው ነገረው። በሩ ላይ ስትመላለስ ሰነበተች፤ በመጨረሻ «ያለ በቂ ምክንያት ከሥራ ቀርታለች» ተብላ ተሰናበተች።

«ሕጉ ከአንቺ ጋር ነው» አልኳት። «ፍርድ ቤቱ ወደ ሥራሽ ሊመልስሽ ይችላል። ግን ክሱ በሦስት ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። መቼ ነው ያሰናበቱሽ?»

ስትነግረኝ ደነገጥኩ። ገደቡ ሊያልቅ ሳምንት እንኳ አልቀረውም።

«እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?»

«ጃርሱማ ላይ።»

እኛ ዘንድ ሽማግሌ የያዘውን ነገር ፍርድ ቤት መውሰድ ሽማግሌውን መናቅ ነው። የለሚ ዘመዶች ይህን ያውቃሉ፤ ወዲያው ከጎባ ሀጂ መሀመድአወልን ይዘው ቤቷ መጡ። ጃርሱማ በምንለው የሽማግሌ እርቅ ደግሞ ያጠፋ ሰው ጥፋቱን በአፉ ሳይናገር እርቅ የለም። ለሚም ተነስቶ ተናገረ፦ እንደነካካት፣ እምቢ ስላለችው በሩን እንዳስዘጋባት። ወደ ሥራዋ እንደሚመልሳትም ቃል ገባ። እሷም ይቅር አለችው። ከዚያ በኋላ «ሥራ አስኪያጁ እሺ አላለም፣ ትንሽ ጠብቂ» ሲባል ጊዜው ነጎደ።

«ምስክር አለሽ?»

«በረኛው አይቷል። ግን ልጆች አሉት፤ አልጠይቀውም።»

«ሌላስ?»

«ሽማግሌዎቹ ሰምተዋል» አለች።

ማሰቡ ራሱ አስፈራኝ። በእርቅ ላይ የተነገረ ቃል ችሎት ፊት ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም።

በማግስቱ ከጁምዓ በኋላ ጎባ ወጣን። ጭጋጉ የቤቶቹን ጣሪያ ሸፍኗል። ሀጂ ቤት ስንገባ የለሚ አጎት ኦቦ ቀመርም እዚያው ተቀምጠው ነበር። ሚኒባሱ ውስጥ ያጠናሁት ንግግር ጠፋብኝ። የተናገረችው ዙሀይራ ናት።

«ሀጂ፣ ልከስ ነው። ሳልነግርዎ መክሰስ ነውር ስለሆነ መጣሁ።»

ኦቦ ቀመር ቀደሙ። «ይቅር ብለሽ አልነበር? ይቅርታም በችርቻሮ ሆነ?»

«ብያለሁ ኦቦ ቀመር። ለሚ የነካኝን ይቅር ብያለሁ፤ መንገድ ላይ ባገኘው ሰላም እለዋለሁ። እንጀራዬን ግን ይቅር አላልኩም። እሱንማ እመልሳለሁ ብሎ ነው የታረቅነው።»

«ሴት ልጅ ችሎት ቆማ እንዲህ ነካኝ ልትል ነው?»

«የነካው ሰው ተነስቶ ተናግሮታል። የተነካችው ምን ያሳፍራታል?»

ሀጂ መቁጠሪያቸውን ይስቡ ጀመር። ዙሀይራ ድምጿን ከፍ ሳታደርግ «ሀጂ፣ ዳኛው ቢጠይቁዎ የሰሙትን ይደብቃሉ?» አለቻቸው። እኔ ጫማዬን አየሁ።

«ኢንታላ ኮ» አሉ በመጨረሻ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ይመልሳታል ብዬ መሀል የገባሁት እኔ ነኝ። የታጠፈው የኔ ቃል ነው። ጥሪኝ፤ እመጣለሁ።» ወደ እኔ ዞሩ። «ይቺ ዝምተኛዋ ማናት?»

«ጠበቃዬ ናት።»

«አላህ ያግዝሽ» አሉ፤ ለእኔ ሳይሆን ለእሷ።

ክሱን ሰኞ አስገባን። በቀጠሮው ቀን የድርጅቱ ጠበቃ ዙሀይራን «ነካካኝ ካልሽ ለምን አልጮህሽም?» ብሎ ጠየቃት።

«እዚያ ቤት ማሽኑም ይጮሃል፣ ማን ይሰማል? እኔ እምቢ አልኩ። እሱ ሰምቷል፤ ባይሰማማ በር አያስዘጋብኝም ነበር።»

አጠገቧ ቆሜ ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር። የእሷ አልተንቀጠቀጠም።

ሀጂ ቁርአን መትተው ማሉና የሰሙትን አንድም ሳይጨምሩ በኦሮምኛ ተናገሩ። ጠበቃው ተነሳ። «የሽምግልና ምስጢር ያወጣሉ እንዴ?»

«ምስጢር የምንጠብቀው እርቁ እንዲጸና ነው» አሉት ሀጂ። «እርቁን ያፈረሰ ሰው ምስጢሬን ጠብቁልኝ ይላል?»

ዳኛዋ ስንብቱ ሕገወጥ ነው፣ ካልተከፈላት ደመወዝ ጋር ወደ ሥራዋ ትመለስ ብለው ፈረዱ። ዙሀይራ ፍርዱን ስትሰማ አላለቀሰችም። ነጠላዋን አስተካክላ ወጣችና ሀጂን እስከ ሚኒባሱ ደግፋ ሸኘቻቸው።

ሥራ የጀመረችበት ጠዋት አብሬያት ሄድኩ። በረኛው ሲያያት ሁለቱንም የበሩን ክፋይ ወለል አድርጎ ከፈተው።

«አይሱዙ ነው እንዴ የሚገባው?» አለችው። ሳቀ።

ለሚን ወደ ሚዛን ክፍል አዛውረውታል። እሱ ሚዛኑ አጠገብ ቆሞ እሷ ስታልፍ አየኋቸው። «አካም ቡልቴ፣ ለሚ» አለችው፤ እንዴት አደርክ ማለት ነው። እሱ አቀረቀረ። እሷ ግን ሀጂ ቤት እንዳለችው አድርጋለች።

በሩ ላይ ትንሽ ቆየሁ። የመስፊያ ማሽኗ ድምፅ ሲጀምር ሰማሁና ወደ ቢሮዬ ተመለስኩ።