ለስላሳው ብሬል

ነጅመዲን ከሾላ ገበያ እስከ አያት ሚኒባስ መንዳት ከጀመረ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን አንድ ቀን እንኳ ጥፋተኛ ሆኖ አያውቅም፤ ጥፋተኛው ሁልጊዜ ሌላው ነበር። ካለፈው ክረምት ወዲህ ግን ጥፋተኛው በዛበት። እግረኛው፣ ባጃጁ፣ ጋሪ ገፊው ሁሉ የተማከረ ይመስል ከጎን ድንገት ብቅ ይልበት ጀመር። አንድ ቀን የአንዲት የቤት መኪና ስፖኪዮ ገነጠለና «ይቺ ደግሞ ከየት መጣች?» ብሎ ጮኸ። መኪናዋ ከጠዋት ጀምሮ እዚያው ቆማ ነበር።

ሚስቱ ሀፊዛ ሾላ ገበያ እህል ትሸጣለች። ሰውየው በሳምንት ሦስቴ ከቁም ሳጥኑ በር ጋር ሲጋጭ አይታ፣ «ነጅሙ፣ ዓይንህን ሐኪም ይየው» አለችው።

«ዓይኔ ምን ሆነ? የዚያን ማዶ መኪና ታርጋ ላንብብልሽ?»

አነበበላትም፤ አንድ ቁጥር አልሳተም። ፊት ለፊቱ ያለውን ነገርማ ማን ችሎት። ሀፊዛ አልተከራከረችም። ሻይ ቀድታ በግራው በኩል ክንዱ አጠገብ ይዛ ዝም ብላ ቆመች። ቆመች፣ ቆመች፤ በመጨረሻ ነጅመዲን «ዛሬ ሻይ የለም እንዴ?» አለ። በማግስቱ ሱቋን ዘግታ ሐኪም ቤት ወሰደችው።

እዚያ አገጩን አንድ ማሽን ላይ አስደግፈው፣ ብርሃን በታየው ቁጥር ቁልፍ እንዲጫን ነገሩት። ነጅመዲን ረጋ ብሎ ተጫነ። ሲጨርስ፣ ማሽኑ አልፎ አልፎ ብቻ የሚያበራ ሰነፍ ዕቃ መሆኑን ለሐኪሟ አስታወቀ። ዶክተር ማዕዶት ገና ወጣት ናት፤ ግን ሳቋን መዋጥ ተምራለች። ውጤቱን አሳየችው። ዙሪያው ጠቁሮ መሐሉ ላይ ጥቂት ነጭ ብቻ የቀረበት ወረቀት ነው።

«ጋሽ ነጅመዲን፣ ግላኮማ ይባላል። የእርስዎ ከዳር ከዳር ነው የበላው። ስለማያምም ሰው ሳያውቀው ይቆያል። የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን ግን የማዝዝልዎት የዓይን ጠብታ ሊያቆይልዎት ይችላል። በዘር ስለሚሄድ ወንድሞችና እህቶችዎም ይታዩ። መንዳት ግን ከዛሬ ጀምሮ ያቁሙ።»

የመጨረሻዋ ቃል ጆሮው ሳትደርስ ነአምን የሚባል ባለ ከረቫት ገባ። የአንድ ትልቅ የዓይን በሽታ ጥናት አስተባባሪ ነው። ወረቀቱን አየና ፊቱ በራ።

«ግሩም ነው! እንዲህ ጥርት ያለ ኬዝ አላገኘንም ነበር። ለጥናታችን እጅግ ተፈላጊ ነዎት!»

ነጅመዲን በሕይወቱ እንዲህ ተፈልጎ አያውቅም። ወዲያው ደረቱ ተነፋ። የፈቃደኝነት ቅጹ አሥራ አንድ ገጽ ነው፤ ፊደሉ የጉንዳን እግር ያክላል። ዓይናቸው ለደከመ ሰዎች ታስቦ የተዘጋጀ መሆኑ ከላይ ተጽፏል፤ እሱም በዚያው በጉንዳን እግር። ፈረመ። ፊርማው ከመስመሩ ሁለት ጣት ወደ ላይ አረፈ።

ጠብታውን በሰዓቱ ያደርጋል። መንዳቱን ግን አላቆመም። «እስከ ወሩ መጨረሻ» ይላታል ሀፊዛን፤ የትኛው ወር እንደሆነ ግን አይናገርም።

በሦስተኛው ሳምንት ነአምን ደወለ። ጥናቱ ለዓይነ ስውራንና እይታቸው ለደከመ ሰዎች የመረጃ ማዕከል ሊያስመርቅ ነው፤ ነጅመዲን የክብር እንግዳ ነው። ነጅመዲን ሱፉን ለብሶ፣ ሚኒባሱን ራሱ እየነዳ ወደ እንጦጦ ወጣ። ማዕከሉ ዳገቱ ወገብ ላይ ያለ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። አሳንሰሩ «በሁለተኛው ምዕራፍ» ይገባል ተባለ። በመጀመሪያው ምዕራፍ የተጋበዙት ዓይነ ስውራን ግድግዳ እየዳበሱ፣ እርስ በርስ እየተያያዙ ወጡ።

ንግግር ተደረገ። የመጀመሪያው ተናጋሪ በመስኮቱ የሚታየውን የባሕር ዛፍ ደንና የከተማውን ውብ ገጽታ ታዳሚው እንዲመለከት ጋበዙ። ግማሹ ታዳሚ በትሕትና ወደ ድምፃቸው ዞረ። ሁለተኛው ደግሞ ሥዕላዊ መግለጫ አሳዩ፤ «እዚህ ጋ በግልጽ እንደምታዩት» እያሉ አርባ ደቂቃ ቆዩ።

ከዚያ የማዕከሉ መመሪያ መጽሐፍ የብሬል ቅጂ ወጣ። ጋዲሴ የምትባል ዓይነ ስውር መምህርት የመጀመሪያውን ገጽ እንድታነብ ወደ መድረክ ተጠራች። ጣቷን ገጹ ላይ አስኬደች። መለሰችው። ገለጠች፤ እንደገና አስኬደች።

«ወረቀቱ ለስላሳ ነው» አለች በማይኩ። «ምንም የለበትም።»

«አለበት እንጂ መምህርት!» አለ ነአምን እየሳቀ። «ነጥቦቹ በጣም ደማቅ ናቸው፤ እዚህ ሆኜ እንኳ ይታዩኛል።»

«በምን ነው የታተሙት?»

«በጥሩ ጥቁር ቀለም ነዋ።»

ከኋላ አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ በሳቅ ፈረሱ። ሌሎቹም ተከተሏቸው። ሳቁ ሁለተኛው ረድፍ ጋ ሲደርስ ፊት ረድፍ የተቀመጡት ባለ ሥልጣናት ፕሮግራሙ የተሳካ መስሏቸው አጨበጨቡ።

ሲወጡ ነጅመዲን የደረጃውን ጠርዝ ሳተ። ሊወድቅ ሲል አንድ እጅ ያዘው። ጋዲሴ ናት።

«ክርኔን ይያዙ» አለችው። «ገና ልምድ የለዎትም መሰለኝ።»

ዓይን ያለው ዓይን በሌላት ተመርቶ መውረድ ጀመረ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ሥራው ምን እንደሆነ ጠየቀችው።

«ሹፌር ነኝ።»

«ነበሩ ማለት ነው።»

«ነኝ። ከሾላ እስከ አያት ሚኒባስ እነዳለሁ።»

ጋዲሴ ቆመች። ከኋላ የሚወርደው ሰው ሁሉ ቆመ።

«እኔ በየቀኑ ትምህርት ቤት የምደርሰው ሾላ ጋ መንገድ ተሻግሬ ነው» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ነጩን በትር እዘረጋለሁ፤ ሹፌሩ ያየኛል ብዬ እገባለሁ። ሌላ ዘዴ የለኝም። ከእርስዎ ፊት ስንት ጊዜ ተሻግሬ ይሆን?»

ነጅመዲን ለማንኛውም ነገር ሌላ ጥፋተኛ ማግኘት የለመደ ሰው ነው፤ ግራ ቀኙን ቢፈልግ ግን ማንንም አላገኘም። አንድ ጠዋት ሾላ ጋ ፍሬን ይዞ «ምን ዓይነት ደፋር ሴት ናት!» ብሎ የተሳደበው ትዝ አለው። እሷ ትሁን ሌላ አላወቀም። አለማወቁ ይበልጥ አስፈራው።

ሕንፃው በር ላይ ቁጭ ብሎ ለጉዲሳ ደወለ። ጉዲሳ የዚያው መስመር ሹፌር፣ የድሮ ጓደኛው ነው።

«መጥተህ መኪናዋን አውርድልኝ።»

«ተበላሸች?»

«እሷስ ደህና ናት።»

ሱፉን እንደለበሰ ተሳፋሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ ወረደ፤ ቁልፉንም ለመኪናው ባለቤት መለሰ። ሀፊዛ ሱቅ ሲደርስ መንገድ ላይ ያዘጋጀውን ንግግር ሊጀምር አለ። እሷ ግን ቀድማው የጤፉን ጆንያ ገፋ አድርጋ መቀመጫ አበጀችለት።

ቅዳሜ ቅዳሜ መሪ በሚባለው ሰፈር ወዳለው የጋዲሴ ኮንዶሚኒየም ቤት ይሄዳል። አንገትን እያዞሩ መቃኘትንና በትር ይዞ መሄድን ሊማር ሄዶ፣ ተማሪዋ እሷ የሆነች ይመስል እሱ ሲያስረዳት፣ እሷ ታርመዋለች። ወንድሙን ያሲርን እየጎተተ አስመረመረው። ሲስቅበት የነበረው ያሲር በሽታው ገና ሲጀምረው ተገኘበትና ሳቁን አቆመ።

ከማዕከሉም ነአምን ደውሎ፣ በአገልግሎቱ የረካበትን መጠን ከአንድ እስከ አምስት እንዲመዝን ጠየቀው።

«የምን አገልግሎት?»

«በቃ ሦስት ብዬ ልሙላው።»

በስድስተኛው ወር ዶክተር ማዕዶት ዳግመኛ ማሽኑ ላይ አስቀመጠችው። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ይዛ ብዙ አየች።

«አልቀነሰም» አለች ፈገግ ብላ። «ነጩ እንዳለ ነው። ጠብታው እየሠራ ነው።»

«ጨመረስ?»

«እንደማይጨምር ነግሬዎት ነበር እኮ፣ ጋሽ ነጅመዲን።»

«ለማወቅ ያህል ነው» አለና በትሩን አንስቶ ወጣ።