ለቀጂዋ ማን ይቅዳላት

ብርቅዬ የተወለደችበትን ቀን የሚያውቅ ሰው የለም። እናቷ በሕይወት ሳለች ስትጠየቅ የምትመልሰው አንድ መልስ ነበር፤ «መስቀል አልፎ ሥጋው ሳያልቅ»። በጉራጌ ቤት የመስቀል ሥጋ መቼ እንደሚያልቅ የሚወስነው የእርዱ ብዛት ስለሆነ፣ ብርቅዬ አንዳንዱን ዓመት መስከረም አሥራ ዘጠኝ፣ አንዳንዱን ዓመት ሃያ አምስት ላይ ስትወለድ ኖራለች። ዓመቱ ግን ተቆርጧል፤ ዘንድሮ ሃምሳ ትሞላለች። ጓደኛዋ ከድጃ «ይቺ ሴት ሃምሳ መሙላት ከጀመረች ሦስት ዓመቷ ነው» ትላለች። ከድጃ ግን ስለ ዕድሜ የምታወራው የራሷ እስኪነሳ ብቻ ነው።

ከሃምሳው ሃያ ሰባቱን ዓመት ብርቅዬ ያሳለፈችው ሆሳዕና መናኸሪያ ፊት ለፊት ባለችው ግሮሰሪዋ ውስጥ፣ ለሰው መጠጥ ስትቀዳ ነው። ለሹፌር ቀድታለች፤ ለተራ አስከባሪ ቀድታለች፤ መኪና ላመለጠው ቀድታለች፤ እሷ ስትቀዳለት መኪና ያመለጠውም ሞልቷል። ሠርግ ስትጠራ እንኳ ባለሠርጎቹ ከሩቅ ሲያዩዋት ፊታቸው ይፈካል። «እሰይ፣ ብርቅዬ መጣች፤ እስቲ ያንን ጠርሙስ ያዢው» ይሏታል። በገዛ ባሏ ተዝካር ላይም የቀዳችው እሷው ናት። ስለዚህ ሃምሳ ሲሞላት የተመኘችው ወርቅም ኬክም አልነበረም። አንዲት ቀን እሷ ቁጭ ብላ ሌላ ሰው እንዲቀዳላት ፈለገች። ይህን ስትናገር ድምጿ ትንሽ ስለተሰበረ ጓደኞቿ አልሳቁባትም።

ጓደኞቿ ሁለት ናቸው። ከድጃ የሀድያ ሴት ናት፣ ጨርቅ ነጋዴ። ሐጅ አድርጋ ከተመለሰች ወዲህ ሰፈሩ ሁሉ ያከብራታል፤ ምላሷን ግን ይዛው የሄደች አይመስልም። አቢጋኤል የዱራሜ ልጅ ናት፣ መምህርት፣ የቤተ ክርስቲያኗ የሴቶች ኅብረት ሰብሳቢ። መጠጥ በአፏ ዞሮ አያውቅም። ከብርቅዬ ጋር ሃያ ዓመት ሲዋደዱ በግሮሰሪው የፊት በር አንድ ቀን ገብታ አታውቅም። በጓሮ በኩል፣ ዝቅተኛዋን የቆርቆሮ በር ጎንበስ ብላ፣ ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ ስባ ነው የምትገባው።

የት እንደሚሄዱ ለመምረጥ ከድጃ ሱቅ ተሰበሰቡ።

«ሐዋሳ» አለች ከድጃ።

«ሐዋሳ ከሆሳዕና በምን ተለየ? ሐይቁ ዳር ከተቀመጠው ግማሹ የኔ ደንበኛ ነው። ‹ብርቅዬ፣ እንደ ወትሮው› ይለኛል፤ እኔም ተነስቼ እቀዳለሁ።»

«እንግዲያው ቦኖሻ፣ ወንድሜ ጋ። በግ ያርድልናል።»

«ዘመድ ቤት እንግዳ ሲበዛ ቀጂው ማን ሊሆን ነው?»

አቢጋኤል የአገሯን ተራራ አቀረበች። «አምበሪቾ እንውጣ። ደረጃ ተሠርቶለታል። ሰባት መቶ ሰባ ሰባት።»

«ልደቴ ነው ቀብሬ?» አለች ብርቅዬ።

ይህን ሁሉ ካጣጣለች በኋላ ከቦርሳዋ የተጠቀለለ ካላንደር አወጣች። የወይን አከፋፋይ ከሰባት ዓመት በፊት የሰጣት ነው። ቀኑ ካለፈበት ቆይቷል፤ ሥዕሉ ግን ከባንኮኒው ትይዩ እንደተሰቀለ ነበር። ባቱ አጠገብ ያለ የወይን እርሻ ነው። ወይኑ በረድፍ በረድፍ ተተክሏል፤ በረንዳ ላይ ነጭ ጠረጴዛ አለ፤ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ሰውዬ ለተቀመጠች ሴት ይቀዳላታል። ሴትዮዋ ሰውዬውን ቀና ብላ እንኳ አታየውም። ብርቅዬን ሰባት ዓመት ያስቀናት ይኸው ነው።

«ወይን» አለች አቢጋኤል።

«ወይን» አለች ከድጃ።

በዚያች ደቂቃ ሁለቱ የአንድ ሃይማኖት ሰዎች ሆኑ።

መጠጣቱ አልነበረም ያስጨነቃቸው፤ አይጠጡም፣ አለቀ። የሚያስፈራው መታየቱ ነው። ሆሳዕና ውስጥ ሰው ገና ሚኒባስ ሳይሳፈር የሄደበት ይታወቃል። መፍትሔውን ያመጣችው አቢጋኤል ናት። «የልምድ ልውውጥ እንበለዋ» አለች። እውነቷን ነው፤ በእኛ አገር ሊዝናና ሄደ የተባለ ይታማል፣ ለልምድ ልውውጥ ሄደ የተባለ ይጨበጨብለታል። ሦስቱም የሴቶች የጓሮ አትክልት ማኅበር አባላት ናቸው። ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ያለው አቶ ዳኘ ደግሞ አቢጋኤል አራተኛ ክፍል ያስተማረችው ልጅ ስለሆነ ደብዳቤ አይከለክላትም።

ብርቅዬን ነገሩ አልጣማትም። «ደብዳቤ ብቻውን አይሄድም» አለች። የሰማት የለም።

ዳኘ ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚል ሰው ነው። ማመልከቻቸው ላይ ወይን የምትለዋን ቃል ሲያነብ ስለ ሴቶች ተጠቃሚነት ያለው ስሜት ወዲያው ተቀሰቀሰ። ደብዳቤው ግልባጭ ወለደ፤ ግልባጩ ኮሚቴ ወለደ። ሦስት ሴቶች የነበሩት ተጓዦች አሥራ አንድ ሆኑ፤ የተጨመሩት ስምንቱም ወንዶች ናቸው። ቡድን መሪው ራሱ ዳኘ ነው። «በወይን ልማት የሴቶችን ተሳትፎ እናጎለብታለን» የሚል ባነር ታተመ፤ ከሚኒባሱ ይረዝማል።

የጉዞው ዕለት ብርቅዬ ከከድጃ ሱቅ ተቆርጦ የተሰፋ ቢጫ ቀሚስ ለብሳ መጣች። ፀጉሯን ተሠርታለች፤ ሽቶ ተቀብታለች። ዳኘ ከፊት ወንበር ተቀምጦ ጠበቃት። እሷ ከኋላ ገባች፤ ባነሩንም እንዳይጨማደድ ጭኗ ላይ አጋደሙባት። ዳኘ እስከ ቡታጅራ የጉዞውን ዓላማ ሲያብራራ፣ ከቡታጅራ እስከ ባቱ ደግሞ ያብራራውን ሲያጠቃልል ደረሱ። እንኳን ተወለድሽ ያላት ከድጃ ብቻ ናት፤ እሱንም በሹክሹክታ።

እርሻው ካላንደሩን ይመስላል። ረድፉም አለ፤ በረንዳውም፣ ነጩ ጠረጴዛም አለ። ብርቅዬ በረንዳውን ስታይ ልቧ ዘለለ። ዳኘ ስንት ሄክታር እንደሆነ፣ በሄክታር ስንት ኩንታል እንደሚገኝ ጠይቆ ጻፈ፤ ከዚያም እስክሪብቶውን ኪሱ ከትቶ ቅምሻው መቼ እንደሚጀመር ጠየቀ። የጎደለው ነጭ ሸሚዝ የለበሰው ሰውዬ ብቻ ነበር። አስጎብኚዋ ወጣት ዕረፍት ላይ መሆኑን ነግራ ይቅርታ ጠየቀች፤ ለዚህ ሁሉ ሰው ብቻዋን ስለሆነች ትንሽ እንዲታገሷት ለመነች።

«ምን ችግር አለ?» አለ ዳኘ። «ወይዘሮ ብርቅዬ እያለች? ባለሙያ ይዘን ነው የመጣነው።» ጠርሙሱንም አቀበላት።

እጇ ሳያማክራት ተዘርግቶ ተቀበለ። ለዳኘ ቀዳች፤ ለሰባቱም ቀዳች። ልክ እኩል፣ አንዲት ጠብታ ሳታፈስ፣ በመጨረሻም ጠርሙሱን ጠምዘዝ አድርጋ። አስጎብኚዋ «እንዴት ያምራል» አለች። ወንዶቹ አጨበጨቡላት። ብርቅዬ ተናደደች። በዳኘስ መናደድ አያቅታትም፤ የከነከናት የገዛ እጇ ነበር። ሃምሳ ዓመት አብሯት ኖሮ ለሌላው አደረ። ዞር ስትል ወንበሯ ላይ የዳኘ ቦርሳ ተቀምጧል። ቆማ ቀረች።

አቢጋኤል የብርቱካን ጭማቂዋን አስቀምጣ ተነሳች። ቦርሳውን አንስታ መሬት ላይ አኖረችው።

«ተቀመጪ» አለቻት።

ብርቅዬ ተቀመጠች። አቢጋኤል ጠርሙሱን ከእጇ ወሰደች። ዳኘ ለሪፖርት የሚሆን ፎቶ ሊያነሳ ስልኩን ደግኖ ነበር፤ ደነገጠ።

«መምህርት፣ ጠርሙሱን እንደያዙ ፎቶው ውስጥ ይገባሉ» አላት።

«ልግባ። ቀረብ ብለህ አንሳ። አራተኛ ክፍልም ከኋላ ወንበር ነበር የምትደበቀው።»

አቢጋኤል መቅዳት አታውቅም። እንደ ወተት ጠርሙሱን ዘቅዝቃ ያዘችው። ወይኑ ብርጭቆውን ሞላ፤ አልፎ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ፤ ከጠረጴዛው ቢጫው ቀሚስ ላይ ወረደ። ከድጃ በሶፍት እየጠረገች «ጨርቁ ይለቃል፣ እኔ ነኝ የሸጥኩት» አለች፤ ከዚያ ጮክ ብላ «እንኳን ተወለድሽ» ጨመረች። ብርቅዬ ብርጭቆውን በሁለት እጇ አንስታ ጠጣች። ጎመዘዛት። እሷ ራሷ ከምትሸጠው ወይን ምንም የተለየ ነገር የለውም።

«ደስ አለኝ» አለች፤ እንባዋም መጣ። «በጣም ደስ ብሎኛል።»

የፈሩት ይደርሳል። ሚኒባሱ ሲመለስ ቡታጅራ ሳይደርስ ፎቶው በቀበሌው ቴሌግራም ወጥቶ ዱራሜ ደርሷል። ከላይ ባነሩ «እናጎለብታለን» ይላል፤ ከሥሩ መሐል ላይ አቢጋኤል ጠርሙስ ይዛ ቆማለች። ከድጃ በቀላሉ ተገላገለች፤ ጭማቂዋ ፎቶው ላይ ይታያል። አቢጋኤልን ግን የቤተ ክርስቲያኗ ሽማግሌዎች ጠሯት። እንዳልጠጣች አመኗት። ለምን እንደቀዳች ሲጠይቋት «ለጓደኛዬ ነው፤ ሃምሳ ዓመት ማንም አልቀዳላትም» አለች። ለጊዜው ከሰብሳቢነቱ ብታርፍ ጥሩ ነው ተባለች። አሥራ አራት ዓመት የያዘችው ሥራ ነው፤ ቤቷ ገብታ አለቀሰች። ብርቅዬ ይህን ከከድጃ ስትሰማ ሁለት ቀን ምግብ አልበላ አላት።

ማክሰኞ በምሳ ሰዓት ግሮሰሪው ጢም ብሎ ሳለ አቢጋኤል በፊት በር ገባች። ከጥጉ ሁለት ሰዎች ብርጭቋቸውን ቶሎ ወንበር ሥር ከተቱ፤ የእሷው ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ናቸው። አይታቸዋለች፤ ሰላምታ ሰጠቻቸው። መሐል ካለው ጠረጴዛ ተቀመጠች፤ ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ነው።

«የጓሮው በር ምን ሆነ?» አለቻት ብርቅዬ፤ ሌላ የምትለው ጠፍቷት።

«ዝቅ ይላል። አንዴ ከታየሁ በኋላ ለምን እጎነበሳለሁ?» አለች አቢጋኤል። «አምቦ ውሃ አለሽ?»

ብርቅዬ ብርጭቆ መርጣ አጠበች፤ በንጹሕ ጨርቅ ወለወለች። ጠርሙሱን ከፍታ፣ ቆማ፣ ቀስ ብላ ቀዳች። ሲሞላ አላቆመችም። ውሃው ከአፉ አልፎ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ፤ የአቢጋኤልንም ቀሚስ አራሰው። በሃያ ሰባት ዓመት ውስጥ ብርቅዬ ጠብታ ስታፈስ ያየ ሰው ስላልነበረ፣ ደንበኞቹ ሴትዮዋ አሟት እንደሆነ እርስ በርስ ተጠያየቁ።