ለፔሳሕ የታጠበ ስልክ

«ሳሙና ሳሙና ይላል እኮ!» አለ ጠጋኙ ኤሊሻይ፣ ስልኩን ወደ አፍንጫው አስጠግቶ።

«የሳህን ሳሙና ነው» አለች ይሻሽ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ውኃ ውስጥ ወድቆባት ቢሆን ደግ ነበር፤ እሷ ግን አጥባው ነው። ማታ ፔሳሕ፣ የአይሁድ ፋሲካ፣ ይገባል፤ እርሾ የነካው ሁሉ ከቤት መጽዳት አለበት። ስልኩ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ሊጥ በነካ እጅ ሲነሳ ኖሯል። ድስቱን፣ መሳቢያውን ስትፈትግ ቆይታ፣ በዚያው እጇ ስልኩንም ቧንቧ ሥር ይዛ አሸችው። መቼም እስራኤል ባለው በአሚሻቭ ሰፈር እንደ እሷ ስልክ ለበዓሉ የነጻ አልነበረም፤ ችግሩ አልናገር ማለቱ ነው።

«ቻርጅ ላይስ አልሰኩትም?»

«ሲደበዝዝብኝ ሰካሁት እንጂ። የራበው መስሎኝ።»

«ወይ እትዬ ይሻሽ! የገደለው እሱ ነው። አጥፍተው ቢያመጡልኝ ፈትቼ በአልኮል አጥበው ነበር።»

«አንተም ልታጥበው?»

ኤሊሻይ ሳቀ። ስልኩን ፈትቶ ውስጡን ሲያይ ግን ሳቁ ጠፋ። «ተቃጥሏል። ምንም አይወጣለትም።»

«አንዲት ድምፅ ብቻ አውጣልኝ። የወንድሜን።»

ራሱን ነቀነቀ።

በሱኮት፣ በዳስ በዓል ሰሞን፣ እናታቸው ስታርፍ፣ ወንድሟ ጓንጉል ጎንደር ነበር። መርዶ በስልክ አይነገርም ብላ፣ ቤቱ ሄዶ በወጉ የሚያረዳው ሰው ላከችበት። ሰውየው ዘገየ፤ ጓንጉል የእናቱን ሞት ፌስቡክ ላይ አየው። ደውሎ አፉ እንዳመጣለት ተናገራት፤ ተኮራረፉ። ኋላ ረጅም የድምፅ መልእክት ላከላት። ይቅርታ ይሁን ስድብ አላወቀችም፤ ለበዓሉ እሰማዋለሁ እያለች ሳትከፍተው ከረመች።

«ሲሙ ግን በሰደር ነው፣ ደህና ነው» አለ ኤሊሻይ። አሮጌ ስልክ ውስጥ ከቶ ሰጣት። የወንድሟን ቁጥር በቃሏ ታውቀዋለች፤ ደወለች።

«ጓንጉል፣ እኔ ነኝ።»

«የላክሁልሽን ሰማሽው?» አላት።

አዎ ብትል ይቀላት ነበር። «አልሰማሁትም፤ ስልኩ ተበላሸብኝ። አሁን ንገረኝ።»

«ያን ጊዜ ሆዴ ሞልቶ ነበር፣ እቴ። አሁን ከየት አመጣዋለሁ?»

ኤሊሻይ መብራቱን እያጠፋፋ ነው። «ያላ፣ ቶሎ ይበሉ፣ እትዬ፣ በዓሉ ሊገባ ነው።»

ይሻሽ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«እንግዲያው አንተም ተቀመጥ፣ ወንድም ጋሼ» አለችው ጓንጉልን፤ እናታቸው ያረፈችበትን ዕለት ከማለዳው ጀምራ በወጉ ትነግረው ጀመር።