ትሎቹ እና የቅዳሜው ውሃ

የግቢያችን ሽታ የጀመረው መንገዱ ሲቆፈር ነው። ቧንቧ ሊቀብሩ የመጡት ሠራተኞች ከሰፈሩ መግቢያ ጀምረው ቦይ ስለከፈቱ የቆሻሻ መኪናው ወደ እኛ መግባት አቆመ። ቆሻሻ ያለው ሰው ተሸክሞ ዋናው መንገድ ድረስ መሄድ ነበረበት። መኪናው ደግሞ የሚቆመው ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ ለዚያውም ለሩብ ሰዓት ብቻ ነው። በዚያ ሰዓት እኔ ክሊኒክ ውስጥ ወለል እወለውላለሁ።

ስለዚህ የእኔ ፌስታል በሬ ጎን ይከማች ጀመር። የድንች ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የካሮት ጫፍ፣ ፈልቶ ያለቀ የሻይ ቅጠል። በግቢው ውስጥ ተከራይ ሁለት ነን፤ እኔ ከልጄ ጋር፣ ከጎናችን ደግሞ ልብስ ሰፊው ብቻውን። እሱ ምሳውንም እራቱንም ውጭ ስለሚበላ ከቤቱ የሚወጣው ቁርጥራጭ ጨርቅ ነው፤ ጨርቅ አይሸትም። ሽታው የማን እንደሆነ ለማወቅ ዳኛ አላስፈለገም።

አከራያችን ባላቸው የሞተባቸው፣ ልጆቻቸውን ድረው የጨረሱ ሴት ናቸው። ልብስ ሰፊው በሌሉበት «እትዬ በረኪና» ይላቸዋል። ቅዳሜ ጠዋት በመጣ ቁጥር ግቢውን በበረኪና ውሃ ያጥባሉ። ከውጭው በር ጀምረው በረጅም እጀታ መጥረጊያ እየገፉ ወደ ኋላ ይሄዳሉ፤ ግቢው ወደዚያ ያዘቀዝቃልና ውሃው በራሱ ይወርድላቸዋል። ሲጨርሱ ሲሚንቶው እንደ ሳህን ያበራል። እኔም በልቤ ጎበዝ እላቸው ነበር፤ ወለል ማጠብ ምን እንደሚፈጅ አውቃለሁ።

ሽታው በጀመረ በሦስተኛው ሳምንት በሬን አንኳኩ። አልገቡም፤ ደጃፉ ላይ ቆመው ነው የተናገሩት።

«ልጄ፣ አንቺን አልጠላሁም፤ ሽታውን ነው የጠላሁት» አሉ። «ሁለት ወር ሰጥቼሻለሁ። ካልጠፋ ግን አንቺንም ሽታውንም አብሬ ነው የማስወጣው።»

ያ ክፍል ሰፊ አይደለም፤ መስኮቱም አንድ ነው። ነገር ግን የልጄ ትምህርት ቤት ከግቢው በር ይታያል። እኔ ከእሷ ቀድሜ ስለምወጣ ብቻዋን ነው የምትሄደው፤ አስፋልት ሳትሻገር፣ ግንቡን ተከትላ። ሌላ ቤት ብከራይ ግን የመኪና መንገድ ልትሻገር ነው። ሰባት ዓመቷ ነው።

እኔ ማታ ማታ የጎልማሶች ትምህርት እማራለሁ። በዚያው ሳምንት መምህራችን ለእያንዳንዳችን የንባብ መለማመጃ አንድ አንድ ገጽ አደሉን። ለአንዱ ስለ ክትባት ደረሰው፣ ለአንዷ ስለ ምርጫ፣ ለእኔ የወጥ ቤት ተረፈ ምርትን ከምድር ትል ጋር አፈር ውስጥ ስለመቅበር። አራት ቀን ወሰደብኝ፤ ግን እስከ መጨረሻው አነበብኩት።

ነገሩ ከባድ አልነበረም። አሮጌ ባልዲ ጎኑንና ቂጡን ትበሳለህ፤ አፉ ከመሬት አንድ ጣት ከፍ ብሎ እንዲቀር አድርገህ ትቀብረዋለህ። ከሥር አፈርና ደረቅ ቅጠል፣ ከዚያ ትል፣ ከዚያ የተከተፈ ልጣጭ፣ በላዩ የተቀደደ ወረቀት፣ ከዚያ መክደኛ። ትሎቹ በቀዳዳዎቹ እየገቡ ይበላሉ፤ እየወጡም ዙሪያውን ያለውን አፈር ያለሰልሳሉ። ሥጋና ዘይት ያለበት ነገር አይገባም። በደንብ የተያዘ ባልዲ አይሸትም ይላል። ያቺን መስመር ሁለት ጊዜ አነበብኳት።

በግቢው ውስጥ ሲሚንቶ ያልነካው መሬት አንድ ብቻ ነው፤ ከኋላው አጥር ሥር ያለው፣ አንድ በር ቢጋደም የሚሸፍነው አረም የበቀለበት ቦታ። አከራያችንን ለመንኳቸው። ትል ሲባል ፊታቸው ተጨማደደ። ልጣጩ ከበሬ ጎን የሚነሳ መሆኑን ሲሰሙ ግን፣ አንድም ትል ወደ ቤታቸው ሲሄድ ካዩ ጉዳዩ ያኔ እንደሚያልቅ ነግረውኝ ፈቀዱ።

ባልዲው እጀታው ስለተሰበረ ክሊኒኩ የጣለው ነው። ልብስ ሰፊው ሚስማር አግሎ ቀዳዳ ቀዳዳ አደረገልኝ። መርፌ ከያዘ ጀምሮ እንዲህ ያለ ወንፊት ልብስ ሰፍቶ እንደማያውቅ እየነገረኝ ነው የጨረሰው። ትሎቹን የሰጡኝ የልጄ ትምህርት ቤት አትክልተኛ ናቸው። ከቅጠል ክምራቸው ሥር ቆፍረው፣ አንድ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ሞልተው ሰጡኝ። ቆርቆሮውን አቅፌ ስሄድ ሰው ሁሉ የሚያየኝ መሰለኝ።

እዚህ ላይ የራሴን ስህተት መናገር አለብኝ። ልጄ ባለፈው ዓመት በሆድ ሕመም አሥራ አንድ ቀን ተኝታ ነበር። ሐኪሙ ከቆሻሻ ነው አለ። ከዚያ ወዲህ እኔ ቤት በበረኪና ያላለፈ ነገር የለም። ባልዲው ደግሞ እሷ ከምትጫወትበት አሥር እርምጃ አይርቅም። ስለዚህ ልጣጩን ከትፌ ከመጨመሬ በፊት እዘፈዝፈው ነበር፤ በክሊኒኩ ልክ፣ ለአንድ ባልዲ ውሃ አንድ የጠርሙስ ክዳን በረኪና፣ ሩብ ሰዓት። ወረቀቱ ላይ ስለማጠብ የተጻፈ ነገር አልነበረም። የተረሳ መሰለኝ። ንጹሕ ነገር ማንን ጎድቶ ያውቃል?

በዘጠነኛው ቀን መክደኛውን አነሣሁ። የድንቹ ልጣጭ እንዳስገባሁት አለ፤ እንዲያውም ነጥቷል። ከትሎቹ አራቱን ከሥር አገኘሁ፤ ልፍስፍስ ብለዋል። የቀሩት የሉም። ሽታው ግን አለ፤ የበሬ ጎኑ ሽታና የክሊኒኩ ሽታ ተጋብተው።

ባዶውን ቆርቆሮ ይዤ ወደ አትክልተኛው ተመለስኩ። ስደርስ ሥራቸውን አላቆሙም ነበር፤ ምን አበላሻቸው ብለው ሲጠይቁኝ፣ እኔም አንድ በአንድ ስነግራቸው ግን አካፋቸውን አቆሙ።

«ምሳ ሠርተሽ ጠራሻቸውና መርዝ አቀረብሽላቸው» አሉ።

«ለንጽሕና ብዬ ነው ጋሼ።»

«ልጅሽንም እንዲህ ነው የምታበያት?»

ጎመኑን ጠብታ በረኪና ባለበት ውሃ ነክሬ፣ ከዚያ በንጹሕ ውሃ ሦስት ጊዜ እንደማለቀልቀው ነገርኳቸው። እንደ መሳቅ አደረጋቸው፤ ግን አልሳቁም። ትል ድንቹን ራሱን አይበላም አሉኝ። የሚበላው ድንቹ ላይ የሚመጣውን ብስባሽ ነው፤ እኔ ደግሞ መጀመሪያ ብስባሹን ገደልኩ፣ ቀጥሎ በላተኛውን። «አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ» ብለው ቆርቆሮውን ተቀበሉኝና እንደገና ሞሉልኝ። ሦስተኛ ቆርቆሮ እንደሌለ ግን ቁርጡን ነገሩኝ፤ ለራሳቸው ክምርም ያስፈልጋል።

ባልዲውን አውጥቼ በውሃ ብቻ አጠብኩት። ቀዳዳዎቹን ከፈትኩ፣ አፈሩን ቀየርኩ። ልጣጩን ከነቆሻሻው ስጨምር እጄ እምቢ አለኝ። የበረኪናውን ጠርሙስ አንሥቼ ቆሜ መልሼ አስቀመጥኩት። ልጄን ወደዚያ ጥግ ደርሳ ስትመለስ ሁለት ጊዜ በሳሙና እንድትታጠብ አዘዝኳት፤ እሷም ታጠበች።

በዚያው ሰሞን አከራያችን የታመመች እህታቸውን ሊያስታምሙ ሄደው ሁለት ሳምንት ቆዩ። ባልዲው የሠራው በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ነው። ልጣጩ ጠቆረ፣ ከዚያ ጠፋ። ትሎቹ ወፈሩ። ወረቀቱን ገለጥ ሳደርግ ብርሃኑን ሸሽተው ወደ ታች ሲሰምጡ አያለሁ። በሬ ጎን አንድም ፌስታል አልነበረም። ልብስ ሰፊው አፍንጫውን ወደ ግቢው ዘርግቶ፣ ሽታው የት እንደሄደ አድራሻውን እንድሰጠው ጠየቀኝ።

አከራያችን አርብ ማታ ተመለሱ። ቅዳሜ ጠዋት ግቢውን አጠቡ። እሑድ መክደኛውን ሳነሣ ትሎቹ ግማሽ ያህል ሆነው አገኘኋቸው። ሁሉም ደግሞ በአጥሩ በኩል ባለው ጎን ተደራርበው፣ በግቢው በኩል ያሉት ቀዳዳዎች ባዶ ናቸው። ብርድ ነው አልኩ። በሚቀጥለው እሑድም እንዲሁ ሆነ፤ ያኔ የሞቱም ነበሩበት፣ ልጣጩም እንዳለ መከማቸት ጀምሮ ነበር። ተንበርክኬ በግቢው በኩል ያለውን አፈር በጣቴ ቆንጥሬ አሸተትኩት። ስምንት ዓመት ወለል የወለወለ ሰው ያንን ሽታ አይስተውም።

ቀጣዩ ቅዳሜ ሳይደርስ በሲሚንቶውና በአፈሩ መካከል ጆንያ ጠቅልዬ አጋደምኩ። አከራያችን ጆንያው ግቢውን አቆሸሸ ብለው አንሥተው ጣሉትና አጠቡ። ባልዲውን እንዳላዛውረው ሌላ መሬት የለም። የተሰጠኝ ጊዜ ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፣ ሽታውም መመለስ ጀምሯል።

ልብስ ሰፊውን አማከርኩት። ክሩን በጥርሱ በጥሶ፣ ዝም አይነቅዝም አለኝ። «አከራይን ጥፋቱ የእርስዎ ነው የሚል ተከራይ፣ ሻንጣውን ይዞ ነው የሚናገረው።»

እውነቱን ነው። ሦስት ቀን ዝም አልኩ። ዝም አይነቅዝም ይሉ እንጂ የእኔ ዝምታ ግን ባልዲው ውስጥ መሽተት ጀምሮ ነበር። ብናገር ያስወጡኝ ይሆናል፤ ባልናገር ግን የመውጫዬ ቀን የታወቀ ነው። ጠዋት ከልጄ ቀድሜ ስወጣ፣ ተከትላው የምትሄደውን ግንብ ወደ ኋላ ዞር ብዬ አየሁት። አርብ ከሥራ ስመለስ፣ ልብሴን ሳልቀይር፣ የአከራያችንን በር አንኳኳሁ።

አንድ ነገር ላሳያቸው እንደምፈልግ ነገርኳቸው። ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ተከተሉኝ። መክደኛውን አነሣሁ። በአጥሩ በኩል የተደራረቡትን ትሎች፣ በግቢው በኩል ያለውን ባዶውን ጎን አሳየኋቸው። ከዚያ ከአፈሩ ቆንጥሬ መዳፌ ላይ አቀረብኩላቸው። ጎንበስ ብለው አሸተቱ፤ እሳቸውም ያንን ሽታ አይስቱም።

«ማለትሽ፣ ግቢው እንዲሸት ያደረግኩት እኔ ነኝ?»

«የመጀመሪያዎቹን የገደልኳቸው እኔ ነኝ እትዬ። ልጣጩን በበረኪና እያጠብኩ። እነዚህን ግን የሚገድላቸው የቅዳሜው ውሃ ነው።»

እሳቸው ባልዲውን ትተው እኔን አዩኝ።

«ልጣጩን በበረኪና አጠብሽው?»

«አዎ እትዬ።»

«ስንት ክዳን?»

«አንድ። ለአንድ ባልዲ ውሃ።»

«እኔ ሁለት ነው የማደርገው» አሉ።

ለምን እንደማጥብ ጠየቁኝ። ስለ ልጄ ሕመም፣ ስለ አሥራ አንዱ ቀን ነገርኳቸው። መክደኛውን በእግራቸው ጫፍ ገፋ አድርገው ገጠሙትና ገቡ። በራቸው ሲዘጋ ሰማሁ። ያን ምሽት ዕቃዬን በዓይኔ እየቆጠርኩ የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚታሰር ሳስብ አመሸሁ።

ቅዳሜ ተረኛ የምሆነው ከሰዓት ስለሆነ ጠዋት ቤት ነበርኩ። የባልዲ ድምፅ ሰማሁና በመስኮቱ አየሁ። እንደ ወትሮው በረኪናውን በሁለት ክዳን ለክተው ጨመሩ፤ እሱ አልቀረም። ነገር ግን የጀመሩት ከውጭው በር ሳይሆን ከኋላው አጥር ነው፤ ውሃውን ሽቅብ ወደ በሩ ይገፉታል። ውሃው ደግሞ እየተንሸራተተ ወደ ኋላ ይመለስባቸዋል። ገፉት፣ ተመለሰ። እንደገና ገፉት፣ ተመለሰ። ወጥቼ ላግዛቸው ፈልጌ ነበር፤ ግን አልወጣሁም።

መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ወደ ቤታቸው ጀርባ ሄዱ። አምስት ጡብ፣ አንድ በአንድ፣ እየተመላለሱ አመጡ። በሲሚንቶውና በአፈሩ ድንበር ላይ ደረደሩት፤ ክፍተቱን ከልብስ ሰፊው ቁርጥራጭ ጨርቅ ወስደው በጣታቸው ጠቀጠቁት። ከዚያ ማጠባቸውን ቀጠሉ። ውሃው ጡቡ ጋ ሲደርስ ቆመ፤ እየቀዱ በባልዲ ወደ ውጭው ቦይ ደፉት። የሳምንቱን ሥራ እጥፍ አደረገባቸው። ወደ መስኮቴ አንድ ጊዜም አልተመለከቱም።

ከዚያ በኋላ ባለው እሑድ ትሎቹ በግቢው በኩል ባሉት ቀዳዳዎች መግባት ጀመሩ። ጥቂት ነበሩ። እኔም ልጣጩን ቀነስኩ፣ ወረቀቱን አበዛሁ።

ሁለቱ ወር ያለቀ ቀን ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ መጡ። እኔ ልብስ አሰጣ ነበር። በቀጥታ ወደ ጥጉ ሄደው መክደኛውን በእንጨት አነሡት፣ ቀሚሳቸውን ይዘው አጎነበሱ። ብዙ ቆዩ። እርጥቡ ልብስ እጄ ላይ እንዳለ ቆሜ ጠበቅኩ።

«አፈር አፈር ይላል» አሉ። መክደኛውንም መለሱት።

ስለ መውጣት አላነሡም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ልጄ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ነበር። አጠገቧ ሲደርሱ ቆም ብለው፣ ያንን ጥግ ነክታ እንደሆነ እጇን እንድትታጠብ አዘዟት።

ሁለት ጊዜ አስታጥቤያት ነበር። ሦስተኛ አስታጠብኳት።